አርባ አንድ ሴንቲ

ሮቢ ድልድይ ራስ ላይ አንዲት ቡሎን አለች፣
ለዝገት፣ ለቀይ ቀለም እኩል የተካፈለች፤
ፍየል ይረግጣታል፣ ባጃጅ ይቆምባታል፣
የሸዋ ሮቢት ሰው ስሟን መቼ ያውቃል?
እኔ ግን ለሷ ነው ጣርማ በርን ወርጄ፣
ሹራቤን አውልቄ፣ ባለ ሦስት እግሩን ይዤ፣
በሰኔ መባቻ፣ በዚያ ቆላ ሐሩር
ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ቁጥር
ከሷ ላይ ቀድቼ ሰው ደጅ የማሻግር።

(ባሕር የሚሉትን እዚህ ማን አይቶታል?
ቢሆንም ቤት ሁሉ ከሱ ይለካል።)

ሙህየ በትሩን ተሸክሞ ቀደመኝ፤
«ቀጥ አድርገህ ያዝ!» ስለው እንደ ዘብ ቆመልኝ።
ከድልድዩ ወደ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ወደ መስጊዱ አጥር፣
ከዚያ በማንጎዎቹ ሥር፣ በሽንኩርቱ ማሳ ዳር፣
እየደመርኩ፣ እየቀነስኩ፣
አቶ ሸዋንግዛው መጋዘን ደጃፍ ደረስኩ።

መጋዘኑ አምስት መቶ ኩንታል ሽንኩርት ይውጣል።
ባንክ ላበድር ይላል፣ ግን መድን አምጣ ይላል፤
መድን ወረቀት ይላል፤
ወረቀቱም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፦
«የዝቅተኛው ወለል ከፍታ ……………»

ባለፈው ነሐሴ ጎርፉ የደረሰበት፦
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ ሰባት።
ወለሉ፦ ነጥብ ሠላሳ ስድስት።
የመሣሪያዬን ዓይን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።
አርባ አንድ ሴንቲ ከውኃው በታች፤
ክንድ ልትሞላ ሁለት ጣት የቀራት።

አቶ ሸዋንግዛው ሳቁ። «ቁጥር አይደል? ምን ይበላል?
ትንሽ ከፍ አድርጋት፤ ብዕር ሽቅብ ለመሄድ ምን ይከብደዋል?»
ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ብር መስሎኝ ነበር።
ያወጡት አሮጌ ወረቀት ነው፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
የዛሬ ስምንት ዓመት በኔው እጅ የተጻፈ፦
«ከጎርፍ መስመር በላይ፣ ሠላሳ ሴንቲ።»
ከሥሩ ፊርማዬ፣ ያኔ ጅራቷን ማስረዘም የምወደው።
«ታዲያ ቤቴ ሰመጠ? ወይስ ያኔ ዋሸኸኝ?»

አልዋሸሁም። ቤቱም አልሰመጠም።
ወንዙ ነው የወጣው።
በየክረምቱ ከደብረ ሲና ቁልቁለት
የሰው ማሳ ከነድንበር ድንጋዩ ተሸክሞ
እየመጣ፣ እየተኛ፣
ፍራሽ በፍራሽ ላይ እያነጠፈ፣
ዛሬ ጎረቤቶቹን ቁልቁል ያያል።

ዝም አሉ።
ሙህየ በትሩን እንዳቆመ ነው፤ «ላውርደው?» ይላል።

ከመጋዘኑ ጀርባ እትዬ ጦቢያው ይኖራሉ፣
አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን።
መስታወቱ ወገብ ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር ሠርቷል።
«አልጠርገውም» አሉ። «የሚክደኝ ሲመጣ አሳየዋለሁ።»
በትሩን አስጠግተን አነበብን፦
ከኔ መስመር አንድ ሴንቲ ይበልጣል።
መሣሪያው ባለፈው ወር ተፈትሿል አልኳቸው፤
ድምር መሳሳት፣ መወላወል፣ የጭቃ ውፍረት… አልኳቸው።
«ውኃው የመጣው እኔ ቤት ነው» አሉ።
ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።
ምንጭ በሚለው ረድፍ፦ የቁም ሣጥን መስታወት።
ፈረምኩ፤ ጅራቷን አሳጥሬ።

አቶ ሸዋንግዛው ወረቀቱን አላነበቡትም።
ግድግዳውን እያዩ «በብሎኬት ስንት ነው?» አሉ።
«ሁለት ረድፍ፣ ከነሲሚንቶው።»
«አምስት መቶ ኩንታል ሁለት ብሎኬት ላይ…»
አሉና በጣታቸው አየሩ ላይ ማስላት ጀመሩ።

ማታ ጣርማ በር ላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።
ሦስት ሺህ ሜትር አልፈናል፤ ከፍታ እዚህ በነፃ ነው፣
ወረቀት የሚጠይቅ የለም።
ሙህየ በትሩን አቅፎ እንቅልፍ ወስዶታል።
ጉሙ መኪናውን ሲነካ ጠብታ ሆነ፤
ጠብታዎቹ መስታወቱ ላይ ተፈላለጉ፣ ተያያዙ፣
ቁልቁል፣ ወደ ሮቢ፣ ጉዞ ጀመሩ።