በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ

ያስና፣ ደብተርሽን ትናንት ማታ አነበብሁ፤
ቀዩን ብዕር ትቼ እርሳስ አነሣሁ።
ቀይ ይቆጣልና፤ እርሳስ ግን ይፋቃል፣
የተሳሳትሁት እኔ ብሆንም ይታረማል።

አራተኛ ዓመት ነሽ፤ ቃሉ ሁሉ አለሽ፦
«ሥርዓት»፣ «ጫና»፣ «መገለል»፤ ጽፈሻል ደርድረሽ።
ቲዎሪውን አልንቅም፤ እንዳትዪኝ ባላገር፤
እኔም ሁለት ጊዜ ወድቄበት ነበር።

ገጽ ሰባት ላይ ግን አንድ መስመር አለች፣
እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ የቀረች፦
«ዶን ኤሌኡቴሪዮ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፤
የቀድሞ ወደብ ጫኝ፤ ብቻቸውን በቤት፤
ሦስት ማክሰኞ ሄድሁ፤ በሩን አልከፈቱም፤
ደንበኛው እርዳታ ለመቀበል አይፈቅዱም።»
ከሥሩም አስምረሽ፣ በተማርሽው ስሙ፣
«እምቢተኝነት» አልሽ፤ ደረቀ ቀለሙ።

እስቲ ደረጃውን፤ ስንት ነው? አልጻፍሽም።
መቶ ስልሳ አራት ነው፤ ድካሙን አልረሳሽም።
የቫልፓራይሶን ቁልቁለት ያየ ሁሉ ያውቃል፤
ካርታ ላይ አንድ ስንዝር፣ በእግር ትንፋሽ ይፈጃል።
በገመድ ተጎትቶ የሚወጣው ፉርጎማ
ከቆመ ሁለት ክረምት፤ ማዘጋጃው አልሰማ።
ሰማንያ ሊሞላ አንድ ዓመት ለቀራቸው፣
ለዳቦ ቢወርዱ ማነው የሚያወጣቸው?
እምቢታስ እምቢታ ነው፤ ግን የማን? ንገሪኝ፤
የገመዱ ነው? የሹሙ? ስሙን አውጪልኝ።

ሐሙስ አብረን ወጣን። ታስታውሻለሽ ነፋሱን?
የቆርቆሮ ግድግዳ ሲደበድብ ራሱን፣
አንቺ ፎርሙን ይዘሽ፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ፣
በየእርከኑ ስቆም፣ ስነሣ፣ ፈዝዤ።
አንኳኳሽ፤ ዝም አለ። «ይኸው!» አልሽኝ በዓይንሽ።
እንደገና መታሽው፣ እስኪቀላ ጣትሽ።
ያን ጊዜ ከውስጥ ድምፅ፣ እንደ መልሕቅ ሰንሰለት፦
«ግፉት እንጂ፣ ግፉት! ያበጠ ነው እንጨት፤
ባሕሩ ነው ያሳበጠው፤ አቅም ከየት ላምጣለት!»

ሦስት ማክሰኞ ሙሉ «ግፉት» ሲሉ ኖሩ፤
ነፋስ ቃሉን በላው፤ አንቺም ዞርሽ ከበሩ።

ትከሻሽን ሰጠሽ፤ እኔም ጨመርሁ የኔን።
እንደ አሮጌ መርከብ አቃስቶ አስገባን።
አንድ ወንበር፤ አንድ የተሰነጠቀ ኩባያ፤
ምስማር ላይ የጫኝ መንጠቆ፣ የማኅበር መታወቂያ፤
ጠረጴዛው ላይ ብስኩት፣ ሦስት፣ በሦስት ሰሐን፤
«ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» አሉ፤ ሌላ አልነገሩን።

ፎርሙ ላይ ሣጥን የለም ብስኩት የሚጻፍበት።
«ማኅበራዊ ድጋፍ» ሥር? «ጤና» ሥር? ወይስ «ንብረት»?
ፈለግሽ፤ ገለበጥሽ፤ ብዕርሽም ቆመ፤
ከዚያ አንዱን አንሥተሽ ቆረጠምሽ፤ ጥርስ አመመ።
ሽማግሌው ሳቁ።

እኔም በዕድሜሽ ሳለሁ፣ በሌላ ኮረብታ፣
«እናቲቱ ግድ የላትም» ብዬ ጽፌ ማታ፣
ፊርማዬን አኑሬ ተኛሁ ያለ ሥጋት።
ልጇን ወሰዱባት።
ጆሮዋ አይሰማም ነበር፤ ለካ ስጠራት፣ ስጠራት…
ማንም አልነገረኝ። እኔም አልጠየቅሁ።
ያ ወረቀት ዛሬም አለ፤ ፊርማዬን አውቃለሁ።

ስለዚህ ገጽ ሰባትን እኔ አልሰርዝልሽም፤
ስሕተት በሰው እጅ ሲፋቅ አያስተምርሽም።
አንቺው በጎኑ ጻፊ፣ ቀኑንም አኑሪ፦
«በሩ ከውጭ ይገፋል።» ሌላ አትጨምሪ።
ስለ ፉርጎው ደግሞ፣ ለማዘጋጃ ቤት፣
ረቂቅ አምጪልኝ እስከ ዓርብ ስምንት ሰዓት።
እሳቸው ይፈርሙ፤ ጎረቤትም ይፈርም፤
አንቺ ግን አትፈርሚ፤ ደረጃው ያንቺ አይደለም።

«ውጤቴስ?» ብለሻል። አልሞላሁትም ገና።
ማክሰኞ ደረጃውን ቆጥረሽ ውጪና
አንድ ነገር እዪ። እኒያ ሰውዬ፣ ያስና፣
ጥርስ የላቸውም።
ብስኩቱን ታዲያ ለማን ነበር ያስገዙት?

ኤርሲሊያ