አድራሻ፦ ከፋርማሲው ጀርባ

ቅጹ ስም ጠየቀኝ፤ «ማስተዋል» አልኩና፣
«የቤተሰብ ስም?» ሲል ቆምኩኝ እንደገና፤
እኛ ዘንድ የአባት ነው፣ ሌላ ስም የለንም፣
«ስንሻው» ጻፍኩበት፣ ብዙም አልጨነቀኝም።

ቀጥሎ፦ «መንገድዎ? የቤትዎ ቁጥር?»
የእኛን ሰፈር መንገድ ማን ጠርቶት በቁጥር?
ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣
ከፋርማሲው ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፤
ይኸው ነው አድራሻው።
ፋርማሲው ራሱ ፈርሶ ዓመት አልፎታል፣
ልብስ ሰፊውም ሄዷል፤
ሰው ግን እስከ ዛሬ በሌሉት ይመራል፣
በሌሉት ታጥፎ ያሰበው ቤት ይደርሳል።
«ከፋርማሲው ጀርባ» አልኩት በእንግሊዝ ፊደል፣
ፖስታ ኮድ አንድ ሺህ፤ ሁሉም ሰው እንደሚል።

«ድረ ገጽ አለዎት?» አለኝ፤ ስድስት ጽሑፍ፣
ስለ ቻርጅ መብራት፣ የቱ ሌሊቱን እንደሚያልፍ።
በወሬ አይደለም፤ መብራት በሄደ ቁጥር
ሦስቱን አብርቼ፣ ሰዓት ይዤ ስቆጥር፣
ነጩ በሁለት ሰዓት ተኛ፤ ቢጫው ሌሊቱን አነጋው፤
እሱን ነው የጻፍኩት፣ ከነጉድለቱ፣ ከነዋጋው።

«በወር ስንት ጎብኚ?»
እዚህ ላይ እጄ ከበደኝ።
ዐሥራ አንድ ይላል ቆጣሪው፤ አራቱ እኔው ራሴ ነኝ፣
ሁለቱ እህቴ ናት፣ በቢሮዋ ስልክ የገባች፣
አንዷ ከኖርዌይ ናት፣ ምናልባት ተሳስታ የመጣች።
የቀሩትን አላውቃቸውም። እግዜር ይስጣቸው።

ጓደኛዬ ኪሩቤል፦ «አምስት ሺህ በይ፤ ማን ያይሻል?»
ባለፈው ወር ብየው ነበር፣ ለሌላ መረብ፤
በሦስት ደቂቃ መለሱኝ፣ ያለ ሐተታ፣ ያለ ሰበብ።

አባቴን ጠየቅሁት። ሠላሳ ዓመት ደላላ፣
የሚከራይ ቤት ጠቋሚ፣ የመንገድ ዳር ባለ ጥላ፤
ፈቃድ አውጣ ሲሉት ዋስ አጥቶ የተመለሰ፣
ከመስኮት መስኮት ሲሉት ፋይሉ በላብ የራሰ።
«ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።
«አፊሊየት ይሉታል፤ ገዢን ከሻጭ ማገናኘት፣
ሲገዛ ኮሚሽን።» ሳቀ፦ «ይቺማ የእኔው ናት!
በይ ስሚኝ» አለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ፤
«የሚያፈስ ቤት ሳሳይ ጣሪያው ያፈሳል እላለሁ፣
አንዱን ተከራይ ባጣ ሦስት ዘመዱን አገኛለሁ።
ጀማሪ ነሽ፤ ጀማሪ ነኝ በያቸው፤ ነውር የለውም፣
ውሸት ቤት ያከራያል፤ ኪራይ ግን አይሰበስብም።»

እንዳለኝ ሞላሁት፦ «ጎብኚ ዐሥራ አንድ፤ አራቱ እኔ ነኝ።
ልምድ የለኝም። ሦስት መብራትና አንድ ደብተር አለኝ።
ጥያቄ ካላችሁ፣ ስልኬ ይኸው፤ ደውሉ።»
ላክሁትና መብራት ሄደ፤ ጨለመ ሰፈሩ ሁሉ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አሉኝ።
በዐሥረኛው፣ አራት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ
ስልኬ ነዘረ፤ አነበብኩት፤ አነበብኩት ደግሜ፦
«ውድ ሚስተር ስንሻው፣
ማመልከቻዎን አይተናል። ተቀብለንዎታል።»

ሚስተር ስንሻው!
ሰልፉ መሀል ብቻዬን ሳቅሁ፤
ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞረው አዩኝ፣ ተራዬን አሳለፍኩ።

ማታ ስልኩን ሰጠሁት። አራቀው፣ ደግሞ አቀረበው፣
ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ በዝግታ አነበበው።
ብዙ ዝም አለ።
«ያለ ዋስ?»
«ያለ ዋስ።»
«ያለ ማኅተም?»
«ያለ ማኅተም፣ አባባ።»
«ስንት ከፈሉ ታዲያ?»
«ገና ነው፤ በሩን ብቻ ነው የከፈቱት።»

ራሱን ነቀነቀ። ቢጫዋን መብራት አነሣ፣
አበራት፣ አጠፋት፣ በመዳፉ መዘናት፤
«እንግዲያው» አለ፣ «ይቺ ስንት ናት?
ከድልድዩ ማዶ አንድ ሰው አለኝ።»