የቤተሰብ ስም

መሐል ሜዳ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሁለት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ ማኅተም ስመታበት።
የባና ነጋዴ፣ የበግ፣ የገብስ፣ የምስር፣
ስም፣ የአባት ስም፣ ካፒታል፣ የግብር ቁጥር፤
"ግለሰብ ነጋዴ" ከሚለው ፊት ምልክት አደርግና
"ቀጣይ!" እላለሁ፤ ቀጣዩ ይመጣና
እንደዚሁ።

ትናንት ማታ፣ መብራት እንደ ልማዱ ሄዶ፣
ቆርቆሮው በውርጭ ሲንቋቋ፣ ስልኬ በራች።
ከበርገን ነው፣ ዝናብ ከማይሰለቸው አገር፤
እህቴ አሰለፈች፣ ልትጠይቀኝ ነገር።

"ጋሼ፣ ሱቅ ልከፍት ነው። ሱቅ ስልህ አትሳቅብኝ፤
ደረጃ ሥር ናት፣ ስቆም ጣሪያው የሚነካኝ።
ዚፕ እቀይራለሁ፣ የካፖርት ገበር እሰፋለሁ፤
በዚህ ዝናብ ካፖርት ያረጃል፣ ሥራ አላጣም እላለሁ።
ግን ቅጹ ላይ ተያዝኩ።
'ጓሳ ስፌት' ብዬ ብሞላው እምቢ አለኝ፤
የብቸኛ ነጋዴ ድርጅት የቤተሰብ ስም ይያዝ አለኝ።
የቤተሰብ ስም ከየት አባቴ ላምጣ?
ፓስፖርቴ ላይ፣ ከእኔና ከአባባ ቀጥሎ የወጣ
አያታችን ናቸው፤ ተረፈ።
እሳቸውን ልጻፍ? ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

ምን ይላሉ?
እናቱ ሰባት ቀብራ ስምንተኛውን ስትይዝ፣
ሞት እንዳይሰማት ቀስ ብላ "ተረፈ" ያለችው፣
ያ ልጅ አድጎ፣ ሸምግሎ፣
ነጋዴ ያረፈበትን ጥላ የሚጠየፍ፣
በግ ሲሸጥ ፊቱን አዙሮ
ብሩን በሚስቱ የሚያስቆጥር፤
"ሚዛን የያዘ እጅ ይንቀጠቀጣል" ይል ነበር።
ሲሞት የተገኘው አንድ በርኖስና
ያልከፈለው የጨው ብድር።

ይህን አልጻፍኩላትም። የጻፍኩት፦
"ብቸኛ ማለት ገብቶሻል? ሱቁ ቢከስር
አልጋሽም ይቆጠራል፤ ከዕዳው አትለዪም።"
እዚህ በመስኮቴ ይህን ለማንም አልነግርም፤
ሰልፉ ይረዝማል።

ቆየች። ከዚያ፦ "ገብቶኛል ጋሼ።
ደግሞስ እኔ መቼ ነው ሁለት ሆኜ የማውቀው?"

ኔትወርኩ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት አቶ እንዳይላሉ ከግሼ መጡ፣
ባናቸውን በትከሻ፣ አቧራውን በእግር ይዘው።
"የድርጅቱ ስም?" ብላቸው፣
"እኔው ነኝ እንጂ! ሌላ ማን አለበት?" አሉ።
ማኅተሙን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
"አባቴ፣ ቢከስሩ በሬዎም ይቆጠራል።"
በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።
አዩኝ።
"ድሮስ?" አሉና በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።
ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ ምስል ገባልኝ፤ ወረቀት፣ ቁጥር፣ ቀን፤
ደብረ ብርሃንን እንኳ ሳያይ የሞተው አያቴ
በርገን መዝገብ ላይ፣ በፈረንጅ ፊደል።
ጣቴን አስይዤ ቆጠርኩ፦
በእኛ ሦስት የነበረው እዚያ ስድስት ሆኗል።
የጨው ብድሩ ትዝ አለኝ።
"አተረፈ" ብዬ ላኩላት።