የማይንቀሳቀሰው ክንድ

ከሕንፃችን ሥር ነው፣ ሐዴራ፣ መጠለያው፣
ሳይረን በሌለ ቀን የብስክሌት መከመሪያው።
ኦሪያን ጠረጴዛ ዘርግታለች እዚያው።
ከቆሻሻ ያነሣችው የመስኮት ቆርቆሮ፣
በመጋዝ ተሰንጥቆ፣ በትራፓኖ ተቦርቡሮ።

«አራት ክንድ ነው» አለችኝ፤ እኔ የማየው ሦስት።
«አራተኛውስ የታል?»
«እንጨቱ ነው አጎቴ፣ መሬቱን ቁጠርበት።»

የብርቱካን ሳጥን ወለል፣ ሁለት ብሎን የቆሙበት፣
አይዞር፣ አይወዛወዝ፤
ግን ርዝመት አለው፣ ስም አለው፣ ቦታ አለው በሒሳቡ ቤት።

ማዞሪያው አራት፣ አገናኙ ስምንት፣ ተወዛዋዡ ስድስት፣
መሬቱ ዐሥራ አንድ።
ስናዞረው ግማሽ ሄዶ ቀጥ፣ እንደ እልኸኛ አህያ።
ሃያ ሁለት ዓመት እጄ ላይ የአውቶቡስ በር ማጠፊያ፣
ስንቱን መንገደኛ አስገብቶ ስንቱን ያስወረደ፣
«ግራሶ ነው የጎደለው» ብዬ ጣቴ ወደ ቆርቆሮው ነጎደ።
«ካቻቢቴ አቀብዪኝ!»
እሷ የምታውቀው ማቭሬግ፤ ቆማ አየችኝ፣
በጣቴ አሳየኋት፣ ሳቀችብኝ።

ብሎን አላላሁ፣ ዳዶ አጠበቅሁ፣ ሮንዴላ ጨመርሁ።
ያው ነው።
እጄ አንዱን ክንድ ጠረጠረ፣ የቱን እንደሆነ አላወቅሁ።

ደብተር ገለጠች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፦
«አጭሩና ረጅሙ ተደምረው
ከቀሩት ከሁለቱ ድምር ካነሱ፣ አጭሩ ሙሉ ይዞራል፤
ከበለጡ ማንም አይዞርም፣ ሁሉም ይንገላታል።»

አራትና ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ አምስት።
ስምንትና ስድስት፣ ዐሥራ አራት።

እኔ ማዞሪያውን ላሳጥር መጋዝ አነሣሁ።
«ተው» አለች፤ «ክንዶቹ ደኅና ናቸው፤ መሬቱ ነው የረዘመ።»
እጄ መጋዙን እንደያዘ ቆመ።
ክንድ ሲያጥር፣ ሲቆረጥ፣ ሲጎብጥ ኖሬ አይቻለሁ፤
መሬት ሲታረም ግን ይኸው ገና ዛሬ አየሁ።

ብሎኑን ነቅለን አንድ ሴንቲ ወደ ውስጥ ተከልነው።
ዐሥራ አራት ለዐሥራ አራት።
ዞረ፤ ግን አራቱም ባንድ መስመር ሲተኙ ያመነታል፣
አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ ጉዳይ እንደ ከበደው ሽማግሌ ያወላውላል።
እኩል መሆን አይበቃውም፤ ትንሽ ትርፍ ይፈልጋል።

ሌላ አንድ ሴንቲ። ዘጠኝ።

አጭሩ ዞረ፣ ሙሉ ክብ፣ ደግሞ ዞረ፣
ረጃጅሞቹን ወዲያ ወዲህ እያሽከረከረ።
አገናኙ ላይ ያሰረችው እርሳስ ወረቀቱን ጫረ፦
ከላይ የጎበጠ፣ ከታች ቀጥ ያለ፣ የባቄላ ፍሬ።
ማስመሪያ አስጠጋሁበት።
ቀጥ አላለም። ሊል ነበር።
«ለበር ይበቃል» አልኋት።
«ለፈተና አይበቃም» አለች።

ሳጥኑ ሲንሸራተትባት አመጣችው ወደ እኔ፣
ከዚያ የጋራዥ ቀን ወዲህ በማይታጠፈው ግራ ጉልበቴ ላይ፣
አግዳሚው ላይ ዘርግቼው በተቀመጥሁበት፣
በገመድ አሰረችው።
«አትነቃነቅ እሺ? አሁን መሬቱ አንተ ነህ።»

አልተነቃነቅሁም።
ወረቀት ቀየረች፣ እጀታውን ያዘች።