ከመቶ አሥሯ

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮው ይነዳል፣
የድሬ ሰኔ ነው፣ ግድግዳው ይፈላል።
ከአስተዳደር የመጣው ልጅ ላቡን እየጠረገ
«ማቺንግ ፈንድ» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ።

ፈትሂያ ከታይዋን፣ ልብስ የምትሸጠው፣
«ማቺንግማ» አለችው «ጫማና ቦርሳ ነው፤
ቀዩን ከቀይ ጋራ፣ ጥቁር ከጥቁሩ፣
ሴቶች የሚገዙት ለሠርግ ሲጠሩ።»

ሳቅ ሆነ።
ልጁም ሳቀና «አልራቅሽም» አላት፤
«ፌዴራል ቦርሳውን ይዟል፣ ሰባ ከመቶ፣
አይሰጥም ግን ጫማ ላላመጣ ከቤቱ አውጥቶ።
ጫማው ሠላሳ ነው።
ሃያውን አስተዳደሩ በጀት ይዞለታል፣
አሥሯ የናንተ ናት።
አሥሯ ካልሞላች ሃያው አይወጣም፣
ሃያው ካልወጣ ሰባው አይመጣም።
ሰኔ ሠላሳ ደግሞ ሁሉም ይዘጋል።»

እኔ የምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ
ሠላሳ ዓመት ብሎን ቆጥሬ ጡረታ ወጣሁ፤
ቆጣሪ ነው ብለው ደረሰኝ አስታቀፉኝ፣
ገንዘብ ያዥ ሆኜ ቤቴ መጣሁ።

የሚሠራው? ደቻቱ ዳር ግንብ፣
ከግንቡ ጀርባ ለጉሊቶቹ መደብ፣
ጣሪያ ያለው፣ መብራት ያለው፣ ቁልፍ የሚገባበት፣
ጎርፉ ሽንኩርታቸውን እስከ ሽንሌ የማይሸኝበት።

ጥሩወርቅ ከመቀነቷ አራት መቶ ፈታች፤
አንዱ ብር ላይ የቲማቲም ዘር ደርቋል፣ በጥፍሯ ፋቀች።
ኢብሳ የባጃጁን የቅዳሜ ገቢ ሰጠ፣
ከቤንዚን ሰልፍ እንደወጣ፣ ወንበር ላይ አንቀላፍቶ ተቀመጠ።
አንዲት ጫት ነጋዴ ሁለት ሺህ ጥላ
ሄደች፣ «ስሜን እንዳትጽፍ» ብላ።
የከዚራ ጓደኞቼ፣ የባቡሩ ጡረተኞች፣
በፈረንሳይኛ ተነታረኩ፣ በአማርኛ ታረቁ፣
ሦስት ሺህ አዋጡና
የሻይ ሒሳብ እኔ ላይ ጣሉ።

ሮብሌ መጣ። እጁ ባዶ ነው።
«ገንዘብ የለኝም፣ ጉልበቴን ጻፈው።»
ቅጹ «በዓይነት» የሚል ዓምድ አለው፤
ድንጋይ ለቃሚ፣ በቀን ሁለት መቶ ሃምሳ።
አሥር ቀን ብዬ ሞላሁ።
ጣቱን ከሥሩ ባለው መስመር ላይ አሳረፈ።
«እዚህስ ምን ይላል?»
«ከዚህ በፊት የተከፈለ መዋጮ ካለ።»

ስሙ በሱማሌኛ የዝናብ ነው፣
ዝናብ ሲጥል ስለተወለደ።
«ከፍያለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፤
«ያን ነሐሴ፣ በሌሊት፣ ለወንዙ።
ሁለት ነበሩ።
ከትንሿ አንድ እግር ጫማ ነው የመለሰልኝ።»

ብሎን ሲጎድል «ጎደለ» ብዬ የምፈርም ሰው
እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሣሁ።
ሰረዝ አላሰመርኩም።
ዜሮም አልጻፍኩም።

ሰኔ ሃያ ስምንት ማታ ስንደምረው
አራት ሺህ ሦስት መቶ ብር ጎደለን።
ፈትሂያ «እኔ ልሙላ፣ በብድር» አለች፣
«በብድር» የሚለውን ራሷ በቀይ አሰመረች።

ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ነው።
አሥሯ ሞልታ፣ ስድሳ ብር ተርፋ፣
ፋይሉን ታቅፌ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ።
ደብዳቤው አለ፤ ማህተም የለውም።
ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው፤
ልጁ ሊፈልጋቸው ከሄደ ሁለት ሰዓት አለፈው።
ደንገጎ ጫፍ ላይ ደመና ጠቁሯል፤
እዚህ ጠብ ሳይል እዚያ የሚጥለው
የቱ ወንዝ እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም።

በመስኮቱ አሻግሬ ደቻቱን አየዋለሁ፦
ደረቅ አሸዋ፣ ሁለት ፍየል፣ አንድ ሰው።
ሮብሌ ነው፣ ድንጋይ ይከምራል፣
ማንም ገና ጀምር ሳይለው።
ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤
ቅጹ ላይ አሥር ነው የጻፍኩት።