ዘር ቆጠራ

መናኸሪያ ድረስ ጋሽ ማሙሸት መጣ፣
ከሽርጡ ጫፍ ፈቶ እፍኝ ማሽላ አወጣ።
«ከጉድጓዱ ነው» አለኝ፣ «ከጥግ የቧጠጥሁት፣
እሷ ከበላችው፤ ሌላውን ዘጋሁት።»

ልጁን ነው «እሷ» ያለው።
ከሞተች ወዲህ ስሟን አይጠራ፤
ዓይኗ እርድ መስሎ፣ ሆዷ ተነፍቶ እንደ እንስራ፣
አንዱ «የወፍ» ሲላት፣ ሌላው «የሰው ዓይን ነው»፣
የጉበቷን ነገር የጠየቀው ማነው?

ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማበርን ዋሻ፣
ወጣ ደብረ ብርሃን መርዙ በእኔ ትከሻ።

ሻጋታው ብርዱን አልወደደውም።
ሳጥን አበጀሁለት፤
ሠላሳ ዲግሪ፣ የሮቢት ወበቅ፣
እንደ ጨቅላ አሞቅሁት።
በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ዱቄት ነሰነሰ በሳህኑ፣
ጥቁሩን መብራት ሳበራበት
ሰማያዊ ሆነ ብርሃኑ።
እግዚኦ! መርዝ እንዲህ ያምራል?

አገሬ ሰው በሰው ላይ ዘር ሲቆጥር ከርሟል፣
በዚያ ቆጠራ ላይ ስንቱ ቤት ወድሟል።
እኔም ዘር ቆጠርሁኝ፣ የሻጋታ ዘር፤
ሃያ አምስት ጎረቤት፣ የተሰካ በአንድ ክር።
አንዱን አጠፋሁ፤ ሰማያዊው አለ።
ሌላውን አጠፋሁ፤ አለ።
መብራት ሄዶ ሳህኖቼ ተበላሹ፣
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው።
እንደገና ከአንድ።
ሁለት ክረምት አለፈ።

በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ፣
ሳህኑን ገልብጬ ሆዱን ሳየው
ቀልቷል። እንደ ሸክላ ጡብ ቀልቷል።
ጥቁሩን መብራት አበራሁ፤ ጨለማ።
ሻጋታው በሕይወት አለ፣
መርዙ ግን ከግማሽ መንገድ ቀርቶ፣
ሮቢ ወንዝ ሲሞላ ማዶ እንደሚቀር ገበያተኛ
ቀይ ሆኖ ተጠራቅሟል።

ደወልሁለት።
«ስሙ ማነው?» አለ፣ ጠበል ላይ እንደሚጠየቅ።
«ስም የለውም ጋሼ፣ ፊደልና ቁጥር ነው።»
ዝም አለ።
«ታዲያ ጉድጓዱን ልክፈተው?»
«አትክፈት። የዘንድሮውን አድርቀህ፣
በደንብ አድርቀህ አስገባ።»

«ይህንንማ አባቴም ያውቅ ነበር» አለኝ።
«ያን ዓመት እኮ ማሽላው አውድማ ላይ ሳለ ነው
ያለ ወሩ፣ በኅዳር፣ የወረደብን።
እሱንስ?
የዝናቡን ዘር አገኘሽው?»