ጥያቄ ቁጥር ሦስት

መብራት ሄዷል ዛሬም። ሻማ ለኩሻለሁ፣
የማታ ተማሪ ፈተና አርማለሁ።
አርባ ሦስት ወረቀት፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፤
የሐዋሳ ሐይቅ ነፋስ በመስኮቴ ገብቶ
የወረቀቱን ጫፍ ያነሳል፣ ይጥላል፣
ከእኔ ቀድሞ ሊያነብ የቸኮለ ይመስላል።

ጥያቄ ቁጥር ሦስት፣ አምስት ነጥብ ይዟል፦
«ቅኝ ተገዢው ሕዝብ ከንጉሡ ግዛት ምን ብሎ ወጥቷል?»

መልሱ እኔ ዘንድ አለ፣ በሥርዓት ተጽፎ፦
የተገዢው ፈቃድ፣ የገዢው ግፍ ከልክ አልፎ፣
እንደራሴ ለሌለው የተጣለ ግብር።
ሠላሳው ልጅ ይህን ገልብጦታል በክብር፣
ሰሌዳ ላይ እኔው ተሳስቼ የጻፍኩትን ዓመት
ሳይቀር፣ ከነስህተቱ፣ እንደ ዳዊት።

ከዚያ የዱካሌ ላሚሶ ወረቀት ወጣ።
ሁሌም ከፓርኩ ፈረቃ በፊት እየሮጠች የምትመጣ፣
በሩ ሥር የምትቀመጥ፤ ትናንት የሰፋችበት ክር
ዛሬም ከእጅጌዋ ጫፍ ሳይነቀል የሚያድር።

እንዲህ ትላለች፦

«መምህር፣ ግብሩ ብቻ አይመስለኝም።
እኔን የገረመኝ መጻፋቸው ነው።
ጥሎ መሄድ ቀላል ነው፣ በሌሊት በር ከፍቶ።
እነሱ ግን ቁጭ ብለው ምክንያታቸውን ቆጠሩ፣
አንድ፣ ሁለት እያሉ፣ የማያውቃቸውም እንዲሰማ።
እናቴ ከአባቴ ቤት ስትወጣ ቃል አልተነፈሰችም፤
መንደሩ በልኩ ምክንያት ሰፋላት።

ደግሞ ‹ሰው ሁሉ እኩል ነው› ብሎ የጻፈው ሰውዬ
ያን ቀን ሸሚዝ ለብሶ ነበር አይደል?
አንገትጌውን ማን ተኮሰው? ከታች ፈርሟል?
እኔ መስመር አሥራ አራት ላይ አንገትጌ ነው የምሰፋው፣
በቀን ስድስት መቶ። ሸሚዙ ወደዚያው አገር ይሄዳል።
ካርቶኑ ላይ የእኔ ስም የለም፣ የአገሬ ግን አለ፤
እሱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቢሆንም ቃሉን አልጥለውም።
ልብስ አንዴ ከተሰፋ የሰፊው አይደለም፣ የለባሹ ነው።
ለክቼዋለሁ፤ ትከሻው ይጠበኛል፣
የተቆረጠው ለእኔ አልነበረም።
ጨርቁ ግን ጥሩ ነው መምህር፣
ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል።

ነፃነት ማለት እንግዲህ»

እዚህ ጋ ቆሟል። ትዝ ይለኛል፣ ሰርቪሱ ከበር ላይ
ጡሩምባ ሲነፋ፣ ወረቀቷን ሰጥታኝ ወጣች ፊቴን ሳታይ።

የመልስ ቁልፌን ገለጥኩ። «እንደራሴ» የለም፣ «ግብር» በጨረፍታ፤
እንደ ሕጉ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ እሱም በይሉኝታ።

አራት ብዬ ጻፍኩ።
አንዷን ለምን ያዝኩ? በማን ፈቃድ ያዝኩ?

መብራት መጣ። የጎረቤት ልጆች ጮኹ።
እኔ ወረቀቷን በጀርባው ገልብጬ
ምክንያቴን ለእሷ እጽፋለሁ፣ እንደገና ተቀምጬ፦
አንደኛ፣